ብጉር ያልፋል፤ ጠባሳው ግን ይቀራል
(ስለ ከባድ ብጉርና ስለ ሕክምናው)



የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የተወለደው በወሎ፥ በደላንታ፥ ወገል ጤና በምትባለው የደጋ ከተማ ነው። ከተማችን በስሟ ውስጥ ጤናን ይዛ ብትገኝም፥ እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣሁት ግንባሬ፥ ጉንጬና ጀርባዬ በብጉር ታርሶ ነው። በዚያን ጊዜ የሰማሁት ምክር ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቃለል ነበር፤ ይኸውም «ያልፋል» የሚለው ነው። እናቴ «የጉርምስና ነው፥ ያልፋል» አለችኝ። የክፍል መምህራችን «ያልፋል» አሉኝ። የመኝታ ቤት ጓደኞቼማ «ስታገባ ይጠፋልሃል» ብለው ሳቁብኝ። እውነትም ብጉሩ አለፈ። ጠባሳው ግን ከእኔ ጋር እየተማረ እነሆ አራተኛ ዓመት ደርሷል።

ይህን የማነሣው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም። በየመማሪያ ክፍሉ ኋላ ወንበር የሚመርጡ፥ ፎቶግራፍ ሲነሡ ፊታቸውን የሚያዞሩ፥ በጥናት ክበብ ውስጥ ሐሳብ እያላቸው አፋቸውን የሚዘጉ ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ከባድ ብጉር የታወቀ ሕክምና ያለው በሽታ ነው፤ ጠባሳውን የሚያመጣው ደግሞ ከብጉሩ ይልቅ ሳይታከም የቆየበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ምን ምን እንደሆነ፥ እያንዳንዱም ከታካሚው ምን እንደሚጠይቅ ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ብጉር ምንድን ነው?

በቆዳችን ውስጥ፥ በተለይም በፊት፥ በደረት፥ በትከሻና በጀርባ፥ ከጠጉር ሥር አጠገብ ወዝ የምታመነጭ ትንሽ ዕጢ አለች። ወዝ ለቆዳ ያስፈልጋል፤ ሰውን «ወዛም ነው» ብለን የምናመሰግነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም በጉርምስና ወራት አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች በወንዶችም በሴቶችም ሰውነት ውስጥ ሲጨምሩ ዕጢዋ ከመጠን በላይ ወዝ ታፈልቃለች። በዚያው ጊዜ ከቀዳዳው ግድግዳ የሚረግፉት የሞቱ ሴሎች ከወዙ ጋር ተጣብቀው መውጫውን ይደፍኑታል። በተደፈነው ጉድጓድ ውስጥ ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የተባለው፥ በማንኛውም ጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ይራባል። ሰውነትም ይህን ሲያውቅ መከላከያውን ያዘምታል። ማበጡ፥ መቁሰሉ፥ መግሉና ሕመሙ የዚህ ዘመቻ ውጤት ነው።

እንግዲህ ምክንያቶቹ አራት መሆናቸውን ልብ እንበል፤ የወዝ መብዛት፥ የቀዳዳ መደፈን፥ የባክቴሪያ መራባትና የቆዳ መቆጣት ናቸው። ከእነዚህ መካከል ቆሻሻነት የለበትም። ጥቁር ራስ ያለው ብጉር እንኳ የጠቆረው በእድፍ ምክንያት አይደለም፤ የቆዳ ቀለምና ወዝ አየር ሲያገኛቸው የሚጠቁሩ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ፊቱን በቀን አምስት ጊዜ በሳሙና የሚፈትግ ተማሪ ቆዳውን ያቆስላል እንጂ ብጉሩን አያጠፋም። በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ሳሙናና በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል።

ብጉር የጥቂቶች ዕጣም አይደለም። ከ12 እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ባለው ወጣት ዘንድ ከመቶው 85 የሚሆነው በመጠኑም ቢሆን ያገኘዋል ይባላል። አብዛኛው ቀላል ነው። የእኛ ጉዳይ ከባዱ ነው።

ከባድ የሚባለው የትኛው ነው?

ቀላሉ ብጉር እንደ ማሽላ ፍሬ ከቆዳ በላይ ብቅ ይላል። ከባዱ ግን እንደ ሽምብራ ወይም እንደ ባቄላ ያለ፥ ከቆዳ በታች የተቀበረ፥ ሲነኩት የሚያምና ለሳምንታት የሚቆይ እባጭ ነው። አንዳንዱ እርስ በርሱ እየተገናኘ መግልና ደም ያፈሳል። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ጠባሳ የሚተው ብጉር ሁሉ እንደ ከባድ ተቆጥሮ መታከም አለበት።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ቆዳ አንድ ነገር መባል አለበት። በብዙ የሕክምና መጻሕፍት የብጉር ምልክት ተብሎ የሚጻፈው «መቅላት» ነው፤ ይህም የነጭ ሰው ቆዳ ታይቶ የተጻፈ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም፤ ቁጣው ከሥር ሆኖ ላዩ ይጠቁራል። በዚህም ምክንያት ሕመሙ ከሚታየው በላይ ሊከብድ ይችላል። ከዳነ በኋላም ጥቁሩ ምልክት ለወራት ይቆያል፤ በደረት፥ በትከሻና በአገጭ ላይ ደግሞ ኬሎይድ የሚባለው እያደገ የሚሄድ ጠባሳ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ለእኛ ሕክምናን ቶሎ መጀመር ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከብጉሩ ጋር ትኩሳት፥ የመገጣጠሚያ ሕመምና የቆሰለ ቆዳ የታየበት ሰው ቀን ሳይቆጥር ወደ ሐኪም ይሂድ። እንዲሁም እብጠት ሁሉ ብጉር አይደለም። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ኢሶኒያዚድ ብጉር መሰል ሽፍታ ያመጣል፤ በማጅራት ላይ ከጠጉር መላጨት በኋላ የሚወጣው ጠንካራ እብጠት ሌላ ሕክምና ይሻል፤ ሥጋ ደዌም አንዳንድ ጊዜ በፊት ላይ በእብጠት ይጀምራል። ሐኪም ሳያይ መድኃኒት መግዛት የማይገባው አንዱም ስለዚህ ነው።

ከሐኪም በፊት የምንሞክራቸው

በአገራችን ደጋ ቅቤ ለራስ ጌጥም መድኃኒትም ነው። ነገር ግን ለጠጉር የሚቀባ ማንኛውም ቅባት፥ ቅቤም ሆነ ከሱቅ የሚገዛው፥ በፀሐይ ቀልጦ ወደ ግንባር ሲወርድ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። ይህ የግንባር ብጉር በቆዳ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ራሱን የቻለ ስም እንኳ አለው። ቅቤ የሚወድ ሰው ከግንባሩ አርቆ ይቀባ፤ ሌሊትም ትራሱን ይጠብቅ።

ማርም ይወራለታል። ላሊበላን ንቦች ከበቡት በሚባልበት አገር ማርን መንቀፍ ድፍረት ይመስላል፤ ሆኖም በኒው ዚላንድ ሐኪሞች አንድ ዓይነት ማር በብጉር ላይ ፈትነው በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ጥቅም እንዳላገኙበት ያስረዳል። ማሩን እንብላው። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት በፊት ላይ መቀባትማ ቆዳን ያቃጥላል፤ ቃጠሎውም በተራው ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ስለ ጠበል ጥያቄ የሚያነሣ ይኖራል። ጠበል የእምነት ጉዳይ ነው፤ መድኃኒት ከመውሰድም አያግድም። በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ጠበል ይጣላሉ ወይ የሚለው ክርክር በተነሣ ጊዜ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ሁለቱንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። ለኤች.አይ.ቪ. የተባለው ለብጉር የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ከሁሉ የከፋው «ፊት ያጠራል» እየተባለ የሚሸጠው ክሬም ነው። እኔ ራሴ በአንደኛ ዓመት ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ተቀብቻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ብጉሩ ሟሸሸ፤ ፊቴም ፈካ። ደስ ብሎኝ ሁለተኛ ቱቦ ገዛሁ። በሁለተኛው ወር ግን ፊቴ ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥቃቅን ብጉር ተሸፈነ፤ ባቆምኩት ጊዜም ከበፊቱ ብሶ ነደደ። ኋላ ሐኪም እንደ ነገሩኝ በውስጡ ክሎቤታዞል የሚባል ብርቱ ስቴሮይድ ነበረበት። ስቴሮይድ የቆዳን ቁጣ ለጊዜው ያፍናል፤ ሲቆይ ግን ቆዳን ያሳሳል፥ ራሱም ብጉር ያወጣል። ቤታሜታዞንም እንደዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ክሬም ስትቀባ የቆየች እኅት ወይም የቆየ ወንድም ይህንኑ ሳይደብቅ ለሐኪም ይንገር፤ አቋራጩ ራሱ ምክር ይሻልና።

የሕክምናው ደረጃዎች

1ኛ/ በቆዳ ላይ የሚቀቡ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ (ከ2.5 እስከ 5 በመቶ) ባክቴሪያውን ይገድላል። አዳፓሊን ወይም ትሬቲኖይን የተባሉት የቫይታሚን ኤ ዘሮች የተደፈነውን ቀዳዳ ይከፍታሉ። አዜላይክ አሲድ ብጉሩንም ጥቁሩንም ምልክት ይረዳል። የሚቀቡት በእያንዳንዱ ብጉር ራስ ላይ ሳይሆን ብጉር በሚወጣበት ስፍራ ሁሉ ላይ በስሱ ነው። መጀመሪያ ፊትን ያደርቃሉ፥ ያሳክካሉም፤ ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ጀምሮ ቆዳው ሲለምድ በየቀኑ ማድረግ ይሻላል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የልብስ ቀለም ስለሚያነጣ ጥለት ያለውን ነጠላ ከፊት አርቁ። ለከባድ ብጉር እነዚህ ብቻቸውን አይበቁም፤ ነገር ግን ከሚቀጥሉት ጋር አብረው ይሠራሉ።

2ኛ/ የሚዋጡ አንቲባዮቲኮች። በብዙ ቦታ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ብዙውን ጊዜ በቀን 100 ሚሊ ግራም። ባክቴሪያውን ከመቀነሱም ሌላ ቁጣውን ያበርዳል። ብቻውን ግን መወሰድ የለበትም፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዳይለምድ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ይሰጣል፤ ከ3 ወይም ከ4 ወር በላይም ማራዘም አይመከርም። በብዙ ውሃ መዋጥ አለበት፤ ውጦ ወዲያው መተኛት የጉሮሮን ቧንቧ ያቆስላል። ቆዳንም ለፀሐይ ያሳልፋል። የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከመቶ 10 ያህል እንደሚጨምር ይገመታልና፥ ላሊበላን በመሰለ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር የሚኖር ሰው ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ይያዝ። ነፍሰ ጡር ሴት ዶክሲሳይክሊን አትወስድም።

3ኛ/ ለሴቶች የሚሆን። ሴት ተማሪ የወር አበባዋ የሚዛባ ከሆነ፥ በአገጯም ጠጉር የሚበዛ ከሆነ፥ ብጉሩ ከሆርሞን መዛባት የመጣ ሊሆን ይችላልና መመርመር ይገባታል። አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎችና ስፓይሮኖላክቶን የተባለው መድኃኒት የአንድሮጅንን ሥራ ስለሚቀንሱ ይጠቅማሉ። «ላላገባች ልጃገረድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ለምን ታዘዘ?» ብሎ በነገር የሚወጋ ጓደኛ ቢኖር፥ መድኃኒት ከአንድ በላይ ሥራ እንዳለው ይማር።

4ኛ/ አይሶትሬቲኖይን። ለከባድ ብጉር ታላቁ መድኃኒት ይህ ነው። እርሱም ከቫይታሚን ኤ የወጣ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ጌሪ ፔክና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሌላ መድኃኒት ሁሉ እምቢ ያላቸውን 14 ሕመምተኞች ለአራት ወር አክመውበት 13ቱ ፈጽሞ እንደ ጠራላቸው ጻፉ። በ1982 እ.ኤ.አ. በዚያው አገር ለሕክምና ተፈቀደ። ኃይሉ የመጣው ከላይ የቆጠርናቸውን አራቱንም ምክንያቶች በአንድ ጊዜ ስለሚነካ ነው፤ በተለይም ወዝ አመንጪዋን ዕጢ ያኮማትራታል።

መጠኑ በክብደት ይሰላል። ብዙውን ጊዜ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ጠቅላላ ድምሩም ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ግራም እንዲደርስ ይደረጋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ በትንሹ 7,200 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ በቀን 40 ቢወስድ 180 ቀን፥ ማለት ስድስት ወር ይሆናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አስነሥተው በደላንታችን በኩል መቅደላ እስኪያወጡት ድረስ የፈጀባቸው ይህንኑ ያህል ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ወር ብጉሩ ሊብስ ስለሚችል «አልሆነም» ብሎ ማቋረጥ አይገባም። ከጨረሱት ብዙዎቹ ዳግመኛ ከባድ ብጉር አያዩም፤ ጥቂቶች ሁለተኛ ዙር ያስፈልጋቸዋል።

ይሁን እንጂ ይህ መድኃኒት ቀልድ አያውቅም። ከሁሉ በፊት ፅንስን ክፉኛ ይጎዳል። የምትወስደው ሴት ከመጀመሯ ከአንድ ወር በፊት አንሥቶ፥ በምትወስድበት ጊዜ ሁሉ፥ ከጨረሰችም በኋላ እስከ አንድ ወር ድረስ እርግዝና እንዳይኖር አስተማማኝ መከላከያ ያስፈልጋታል፤ የእርግዝና ምርመራም ይደረግላታል። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልዩ መዝገብ ካልተመዘገቡ በቀር አይሰጥም። በመኝታ ቤታችን ሁሉን ተካፍሎ መብላት መልካም ልማድ ነው፤ መድኃኒት ግን እንደ እንጀራ አይቆረስም።

ከንፈርና ዓይን ይደርቃሉ፤ አፍንጫም ሊደማ ይችላል። የጉበትና የደም ቅባት ምርመራ ከመጀመሩ በፊትና በመካከሉ ይደረጋል፤ ስለዚህ ጠላና አረቄ ቢቀሩ ይሻላል። ከዶክሲሳይክሊን ጋር አንድ ላይ አይወሰድም፤ በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ግፊት ሊጨምር ይችላልና። የቫይታሚን ኤ እንክብልም አይጨመርበትም። የሚወስድ ሰው፥ ካቆመም በኋላ እስከ አንድ ወር፥ ደም አይለግስም፤ በግቢያችን ደም ሲሰበሰብ ይህን ተናገሩ። ሰፊ ጥናቶች በጠቅላላው የአእምሮ ሕመም እንደሚያበዛ ባያሳዩም፥ ድብርት የተሰማው ሰው ቀን ሳያሳድር ለሐኪሙ ይንገር፤ አንድ የቅርብ ጓደኛም ነገሩን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ጾም ለሚጾሙም አንድ ቃል አለኝ። አይሶትሬቲኖይን በባዶ ሆድ ከተዋጠ ሰውነት አብዛኛውን አይቀበለውም፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር መወሰድ ይኖርበታል። ጾሙን መግደፍ ግን አያስፈልግም። ዘይት ያለው ሽሮ ወይም ሱፍ ፍትፍት በሚበላበት ሰዓት ይዋጥ።

5ኛ/ መርፌና የጠባሳ ሕክምና። አንድ ትልቅ እባጭ ፊት ላይ ወጥቶ የሚያሠቃይ ከሆነ ሐኪሙ ትራያምሲኖሎን የተባለውን መድኃኒት በጥቂቱ በእባጩ ውስጥ ሲወጋ በጥቂት ቀን ይሟሽሻል። በጥፍር መጭመቅ ግን መግሉን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የጠባሳ እናት ጥፍር ናት። የጎደጎደ ጠባሳ በልዩ ልዩ መርፌና በሌዘር ሊሻሻል ይችላል፤ ሆኖም ፈጽሞ አይጠፋም፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ሌዘር ባለሙያ ካልያዘው ሌላ ጥቁረት ያመጣል። ጥቁሩ ነጠብጣብ ግን ብጉሩ ከቆመና ፀሐይ ከተጠበቀ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ወዴት እንሂድ?

የቆዳ ሕክምና በአገራችን ያደገው ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር ተያይዞ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ማገገሚያና ለሐኪሞች ማሠልጠኛ ነበር፤ ዛሬ ለቆዳ ሕመም ሁሉ ይፈለጋል። በወሎ በኩል ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በሥጋ ደዌ ሕክምና ጀምሮ በቆዳ ሕክምና የታወቀ ሆኗል። ከእኛ መካከል «አለርት ወይም ቦሩ ሜዳ ታየሁ ብል ሥጋ ደዌ አለበት ይሉኛል» ብለው የሚቀሩ አሉ። ይህ ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው። አንደኛ፥ ሥጋ ደዌ ራሱ በመድኃኒት የሚድን ስለሆነ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሁለተኛ፥ ለእነዚያ ሕመምተኞች የተሠራው ቤት ዛሬ የእኛን ፊት የሚያድን ሆኖ ሳለ በእነርሱ ማፈር ውለታን መርሳት ነው።

መጀመሪያ ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ እንሂድ፤ የሚቀባውንና ዶክሲሳይክሊኑን እዚያ ማስጀመር ይቻላል። በሦስት ወር ውስጥ ካልተሻለ፥ ወይም ከመጀመሪያው እባጭና ጠባሳ ካለ፥ ወደ ቆዳ ሐኪም እንዲያስተላልፉን እንጠይቅ። ለአይሶትሬቲኖይን ደግሞ የቆዳ ሐኪም ክትትልና የላቦራቶሪ ምርመራ ስለሚያስፈልግ ከከተማ ርቆ መጀመር ያስቸግራል።

የጽሑፌም ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። እኛ ከወገል ጤና፥ ከላስታ፥ ከዋድላ የመጣን ተማሪዎች በሐኪም ቅርብ የምንሆነው በትምህርት ዓመቱ ብቻ ነው። ክረምት ሲገባ ወደየአገራችን እንመለሳለን፤ ከተመረቅን በኋላም ወዴት እንደምንመደብ አናውቅም። ስድስት ወር የሚፈጅን ሕክምና በጥቅምት የጀመረ በሚያዝያ ይጨርሰዋል። በግንቦት ፈተና ሲደርስ የሚያስታውስ ግን ሌላ ዓመት ያጣል፤ በዚያም ዓመት ፊቱ ላይ የሚጻፈው አይፋቅም።

እኔ ሦስት ዓመት «ያልፋል» ስል ቆየሁ። ባለፈው ክረምት አገሬ ስገባ የጎረቤታችን ልጅ፥ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፥ ጉንጩ እንደ እኔ አብጦ አገኘሁት። እናቱ «የጉርምስና ነው፥ ያልፋል» አሉኝ። «እማማ፥ እርሱስ ያልፋል፤ የእኔን ጉንጭ ይመልከቱ» አልኋቸው። ዝም ብለው አዩኝና በማግስቱ ልጁን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ወረዱ።